የሉማሜ ዐጸድ ከሰማይ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮንን ካለፈ በኋላ መሬቱ ከእግሩ ሥር ድንገት ይጐድልበታል። መኪናው እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ይሻገራል፤ እንደ ወረደውም ሁሉ እየተጠማዘዘ ይወጣና ደጀን ላይ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ከሁለት ይከፈላል። በስተ ቀኝ ያለው ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ሲወስድ፣ በስተ ግራ ያለው ወደ ሉማሜና ወደ ደብረ ማርቆስ ያመራል። እኔ የተወለድሁት ከሉማሜ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ገጠር ስለ ሆነ፣ በዚህ በግራው መንገድ በሄድሁ ቍጥር ዐይኔ ከመስኮቱ አይነቀልም።

በስተ ሰሜን የጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይታያል፤ በስተ ደቡብ ምድሩ ቀስ በቀስ ወደ ዓባይ ገደል ይዘቀዝቃል፤ በመካከሉ የጤፍና የስንዴ ማሳ ተዘርግቷል። በጥር ወር እህሉ ታጭዶ በየአውድማው ስለሚከመር ሜዳው ባዶውን ይቀራል። በዚህ ባዶ ሜዳ ላይ አልፎ አልፎ ጥቍር ጉብታ የሚመስል የዛፍ ክምችት ብቅ ይላል። የሀገሩ መንገደኛ ይህን ባየ ጊዜ የማን ታቦት እንደ ሆነ ይጠይቅ ይሆናል እንጂ፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም። ከመቀመጫው ከፍ ብሎ አማትቦ ያልፋል።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ወደ ሀገሬ የሄድሁት ዘመድ ለመጠየቅ ብቻ አልነበረም። ፊደል የቈጠርሁባት፣ ዳዊት የደገምሁባት፣ ኋላም በድቍና ያገለገልሁባት ቤተ ክርስቲያን ጠብባለች፤ በበዓል ቀን ከሕዝቡ የሚበልጠው ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው አዲስ ሕንፃ ለማሠራት አስቧል። የደብሪቱን ስም የማልጠቅሰው ነገሩ ገና በአባቶች እጅ ስላለ ነው። ገንዘቡ እንዲገኝም በዐጸዱ ምሥራቃዊ ክፍል የቆሙትን ታላላቅ የሀገር ዛፎች ቈርጦ ለጣውላ መሸጥ፣ በቦታውም ባሕር ዛፍ መትከል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። በዚህ ላይ ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ከሚያርስ አንድ ጎረቤት ጋር የወሰን ክርክር ተነሥቷል። ጉባኤው የላከልኝ ደብዳቤ፣ «መምህር፣ እርስዎ የጂኦግራፊ ትምህርት የሚያስተምሩ ስለ ሆነ የዐጸዳችንን ካርታ ፈልገው ይዘውልን ይምጡ» የሚል ነበረ።

ይዤላቸው የሄድሁት ሁለት ወረቀት ነው። አንደኛው በ1957 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በእኛ አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ ግልባጭ ነው። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት የዓባይን ተፋሰስ አብረው ለማጥናት ተስማምተው ነበርና፣ ጥናቱም በ1964 እ.ኤ.አ. በብዙ ጥራዝ ታትሞ ወጣ። የጎጃምም ምድር በሰፊው ከአየር ላይ ፎቶግራፍ የተነሣው በዚያው ጊዜ ነው። እነዚህን ፎቶግራፎች ሲጠብቅ የኖረው የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃሏል። ሁለተኛው ወረቀት ሳተላይት የሚባለው ሰው ሠራሽ ኮከብ በቅርቡ ያነሣው ሥዕል ነው።

ከ1957ቱም የቀደመ አለ። የጣልያን ጦር ሀገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ.፣ ለጦርነቱና ለአገዛዙ ካርታ ያስፈልገው ስለ ነበር ከአውሮፕላን ብዙ ፎቶግራፍ አስነሥቷል። ከእነዚህ ውስጥ 34,000 የሚያህሉት በአዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተረስተው ኖረው ነበር። ኋላ የቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አግኝተው እንደገና እንዲነበቡ አድርገዋቸዋል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚያይ፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ዘንበል ያሉ፣ አራተኛው ወደ ሩቅ የሚመለከት ነው። ጠላት ሀገር ለመያዝ ያነሣው ሥዕል ዛሬ ጫካችን የት የት እንደ ነበረ ለመመስከር መዋሉ ያስደንቃል።

ፎቶግራፍ እንዴት ካርታ ይሆናል የሚል ይኖራል። ልጆቻችሁን ጥሩና ይህን አሳዩአቸው። አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ ዘርጉ፤ በመጀመሪያ ግራ ዐይናችሁን፣ ቀጥሎም ቀኝ ዐይናችሁን ጨፍኑ። ጣቱ ሳይነቃነቅ ከበስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ የዘለለ ይመስላል። ጣታችሁን ወደ ፊታችሁ ባስጠጋችሁት መጠን ዝላዩ ይበልጣል። አውሮፕላኑም ቀጥ ባለ መስመር እየበረረ በየጥቂት ጊዜው ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ እያንዳንዱ ሥዕል ከቀደመው ሥዕል ጋር ከመቶ 60 ያህሉ እንዲደራረብ ይደረጋል። ስለዚህ አንዱ ቦታ ከሁለት ሥፍራ ይታያል ማለት ነው፤ እንደ ሁለት ዐይን። የተራራው ራስ ለአውሮፕላኑ ስለሚቀርብ ብዙ ይዘላል፤ ሸለቆው ስለሚርቅ ጥቂት ይዘላል። ይህን የዝላይ ልዩነት የለካ ሰው የምድሩን ከፍታ ያውቃል። ሁለቱ ሥዕሎች ስቴሬዎስኮፕ በሚባለው ባለ ሁለት መነጽር መሣሪያ ሥር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተራራው ከወረቀቱ ላይ ብድግ ይላል፤ ገደሉም ይሰጥማል። እኔ ይህን በመጀመሪያ ያየሁት በመምህራን ኮሌጅ ሳለሁ ነው፤ ሳላስበው እጄን ሰድጄ ኮረብታውን ልነካው ሞከርሁ፤ ጓደኞቼም ሳቁብኝ።

የዚህ ጥበብ ስም ፎቶግራሜትሪ ይባላል፤ በፎቶግራፍ መለካት ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያንም ጋር የተዛመደ ጅማሬ አለው። በ1858 እ.ኤ.አ. አልብሬኽት ማይደንባወር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የሕንፃ ባለሙያ በቬትስላር ከተማ የሚገኘውን ካቴድራል ሲለካ ከከፍታው ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ሰው ነፍሱን ለአደጋ ሳይሰጥ ሕንፃን ከፎቶግራፍ ላይ መለካት ይቻል እንደ ሆነ ይመረምር ጀመር። ፎቶግራሜትሪ የሚለውንም ስም ያወጣው እርሱ ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. የፕሩሲያ መንግሥት በእርሱ መሪነት አንድ ተቋም አቆመለት፤ ሥራውም አብያተ ክርስቲያናትንና ሌሎች ጥንታውያን ሕንፃዎችን በፎቶግራፍ ለክቶ ማቆየት ነበር። በእኛም ሀገር የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች፣ ዛማኒ ብለው በሰየሙት ሥራቸው፣ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ጨረርና በፎቶግራፍ ለክተው መዝግበዋል። ድንጋዩ ቢሰነጠቅ ወይም ቢቦረቦር ቀድሞ እንዴት እንደ ነበረ የሚናገር መዝገብ አለ ማለት ነው።

ወደ ጉዞዬ ልመለስ። ማታ ከቤተ ዘመድ ደርሼ እራት ከተበላ በኋላ ሁለቱን ወረቀቶች መደቡ ላይ ዘርግቼ በመብራት አስተያይ ጀመር። አሮጌው ጥቍርና ነጭ ነው። በመካከሉ ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደ አንዲት ነጭ ነጥብ ትታያለች፤ በዙሪያዋ ጥቍር ክብ አለ፤ ከጥቍሩ ክብ ውጭ ደግሞ ዐመድማ መልክ ያለው ሰፊ ቀለበት ይታያል። በአዲሱ ሥዕል ላይ ነጥቧ የቆርቆሮ ክዳን ስለ ሆነች ታብረቀርቃለች። ጥቍሩ ክብ እንዳለ አለ። እንዲያውም በሰሜን በኩል ጥቂት ወጣ ብሏል። ዐመድማው ቀለበት ግን ጠፍቶ የእርሻው መስመር እስከ ቅጥሩ ድረስ ደርሷል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ ብዬ ባስተውለው ኖሮ በማግሥቱ ባላፈርሁ ነበር። እኔ ግን የተመለከትሁት ጥቍሩን ክብ ብቻ ነበርና ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግሥቱ ሰንበት ነበረና ቅዳሴ እንደ ወጣ ጉባኤው ከደጀ ሰላሙ አጠገብ በጥላው ሥር ተቀመጠ። እኔም ወረቀቶቹን አሳይቼ፣ «አባቶቼ፣ ደስ ይበላችሁ፤ ዐጸዱ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ምንም አልጐደለም፤ በሰሜን በኩልም ጨምሯል» አልሁ። ሁሉም ተደሰቱ። ቄሰ ገበዙም ወዲያው፣ «እንግዲያስ ከጨመረ ከምሥራቁ ብንቀንስ ምን ይጐዳል?» አሉ። አነጋገራቸው ትክክል ነበር፤ ከእኔ ቃል የሚከተለው ይኸው ነውና።

የኔታ በዚያ ተቀምጠው ነበር። ዳዊት ያስደገሙኝ እርሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል፤ ዐይናቸውም ደክሞ ከብርሃንና ከጨለማ በቀር ብዙ አይለዩም። ወረቀቱን በእጃቸው ዳሰሱና፣ «አንተ ልጅ፣ በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ዛፍ ምን ምን ይሸታል?» አሉኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም የምመልሰው አጣሁ። «ተነሥና ምራኝ» ብለው በትራቸውን አነሡ።

በምሥራቅ በኩል ጀመርን። በዚያ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ እርስ በርሳቸው ተቃቅፈው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ቀጋውና አጋሙ ገብቷል፤ ምድሩ የበሰበሰ ቅጠል ስለ ተነጠፈበት እርምጃችን አይሰማም። ወፉ ብዙ ነው። የኔታ የዛፉን ልጥ እየዳሰሱ ስሙን ይነግሩኝ ጀመር፤ አንዱንም አልሳቱ። ወደ ሰሜን ስንዞር ግን ከእግራችን ሥር ደረቅ ቅጠል ይንኰሻኰሽ ጀመር፤ ሽታውም ተለወጠ። ቀና ብዬ ባይ ባሕር ዛፍ ነው፤ በረድፍ በረድፍ የቆመ፣ ከሥሩ ሣር የሌለው። ከሰማይ ሲታይ ደኑን ጨመረው ያልሁት ይህ ነበረ! «አሁን ሸተተህ?» አሉኝ የኔታ።

ብቻዬን የተሳሳትሁ እንዳይመስላችሁ፤ ይህ ጉዳይ በጎጃም ምድር በሊቃውንት የተጠና ነው። ጌቴ ዘለቀና ሐንስ ሁርኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በደምበጫ አካባቢ የሚገኝ ምድርን ከዚሁ ከ1957ቱ ፎቶግራፍ አንሥተው እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ አነጻጽረዋል። በ1957 ከመሬቱ ከመቶ 27 የተፈጥሮ ደን ነበር፤ በ1982 ከመቶ 2 ሆነ፤ በ1995 ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። የተመነጠረው 7,259 ሄክታር ሲሆን፣ በ1957 ከነበረው ደን ከመቶ 99 ያህሉ ማለት ነው። እርሻው በአንጻሩ ከመቶ 39 ተነሥቶ ከመቶ 77 ደርሷል። እንግዲህ ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ጎጃም ዛፍ አልቆባታል ይላል።

ወልደ አምላክ በውቀት የተባሉት ምሁር ደግሞ ለሉማሜ ጎረቤት የሆነውን፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ያለውን የጨሞጋ ወንዝ ተፋሰስ በ1957ና በ1982 እ.ኤ.አ. የአየር ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም በ1998 እ.ኤ.አ. የሳተላይት ሥዕል አጥንተዋል። ያገኙት ውጤት የመጀመሪያውን የሚቃረን ይመስላል። የደኑ ስፋት በ41 ዓመት ውስጥ በየዓመቱ በአማካይ 11 ሄክታር ያህል ጨምሯል። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ገበሬው በየደጃፉና በየወሰኑ ባሕር ዛፍ በመትከሉ ነው። በየወንዙ ዳር የነበረው የሀገር ዛፍ ግን ከመቶ 79 ያህሉ ጠፍቷል። ሁለቱም ጥናቶች እውነት ናቸው። አንዱ ስለ ጥንቱ ደን ሲናገር፣ ሁለተኛው የጥንቱ ሲጠፋ በምትኩ ምን እንደ በቀለ ይነግረናል። ዛፍ ጨመረ የሚለው ቃል የትኛው ዛፍ የሚል ጥያቄ ካልተከተለው ብዙ ያሳስታል፤ እኔም በጉባኤው ፊት የሠራሁት ስሕተት ይኸው ነው።

በቅጥሩ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አየሁ። ታላላቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ልጆቻቸው ግን ጥቂት ናቸው። በምዕራብ በኩል ካቡ ስለ ፈረሰ ከብት ይገባል፤ በደቡብ በኩል የሲሚንቶ መቃብር በዝቷል። ከሰማይ የሚያይ ሰው የዛፉን ራስ ያያል እንጂ ከሥሩ ችግኝ መኖር አለመኖሩን አያይም። «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሊቅ ናቸው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በእግር ዞረው በማጥናት 168 ዓይነት ዛፍና ቍጥቋጦ መዝግበዋል። ከብት በሚገባበት ዐጸድ ችግኝ እንደማይጸና፣ በአጥር የተከለለው ግን እንደሚያገግም ያሳዩ ምርምሮችም አሏቸው። በአንዳንድ አጥቢያዎች ካህናቱና ሕዝቡ ከማሳው ላይ የለቀሙትን ድንጋይ ክበው ዐጸዱን አጥረዋል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ሥራ፤ ማሳውም ይጠራል፣ ዛፉም ይጠበቃል።

ስለ ጠፋው ዐመድማ ቀለበትም ነገሩ የገባኝ በዚያ ጊዜ ነው። የኔታ፣ «በልጅነቴ ከቅጥሩ ውጭ ክትክታና እምቧጮ ነበረ፤ ጥንቸል እናሳድድበት ነበር» አሉኝ። በጥቍርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ዐመድ መስሎ የሚታየው ይኸው ቍጥቋጦ ነበረ። የአሜሪካ የኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከጌንቶቹ ጋር ሆነው በ1938 እ.ኤ.አ. የተነሡትን የደቡብ ጎንደር ሥዕሎች ከዘመናችን ሥዕል ጋር አስተያይተው በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ደን በቦታው ጸንቶ ሲቆይ በዙሪያው የነበረው ቍጥቋጦ ወደ እርሻ ተለውጧል። ቍጥቋጦው ለዐጸዱ እንደ ነጠላ ነበር፤ ነፋሱንና ፀሐዩን ይከላከልለት ነበር። ነጠላው ሲገፈፍ የዳር ዛፎች ይደርቃሉ፤ ደኑም ከዳር ወደ መካከል ይሳሳል።

ሳተላይቱ የዛፉን ዓይነት አይለይምን? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በከፊል ይለያል። የመጀመሪያው የላንድሳት ሳተላይት ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ከተመጠቀ ወዲህ፣ እነዚህ መሣሪያዎች የእኛ ዐይን የሚያየውን ብርሃን ብቻ ሳይሆን ኢንፍራሬድ የሚባለውንም ይቀበላሉ። ለምለም ቅጠል ይህን ብርሃን አብዝቶ ወደ ላይ ይመልሳል፤ የደረቀው ግን ያን ያህል አይመልስም። ስለዚህ ባለሙያ ሰው የክረምቱንና የበጋውን ሥዕል አስተያይቶ፣ የቅጠሉን የብርሃን ልዩነት ለክቶ፣ ባሕር ዛፉን ከወይራው ሊለይ ይሞክራል። የላንድሳት ሥዕሎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ ሀገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የራሷን የመጀመሪያ የምድር መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስመጥቃለች። ይሁን እንጂ ከርቀት የተነበበውን የሚያጸና ሰው በምድር ላይ ሄዶ ካላየ በቀር ሊቃውንቱ ራሳቸው ሥራው ተፈጸመ አይሉም። የኔታ ይህን ደንብ ከየትም ሳይማሩ ያውቁታል።

ወደ ጉባኤው ተመልሼ ስሕተቴን ተናገርሁ። መምህር በልጆቹ ፊት ሲሳሳት ያፍራል፤ በአባቶቹ ፊት ሲሳሳት ግን ምን እንደሚሰማው ያየ ያውቀዋል። ቄሰ ገበዙ ታግሠው ሰሙኝና፣ «መምህር፣ የተናገሩት መልካም ነው፤ ነገር ግን ወፍና ቍጥቋጦ ለቤተ ክርስቲያን ክዳን አይሆነንም። ሕዝቡ በፀሐይና በዝናብ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው» አሉ። ይህን ቃል በቀላሉ የምመልሰው አልነበረም። ባሕር ዛፍንም መንቀፍ ለእኔ አይገባኝም፤ ለጎጃም ገበሬ ቤት የሠራለት፣ እንጀራውን ያጋገረለት እርሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ስማር ደብተሬ የተገዛው አባቴ ከሸጡት ባሕር ዛፍ ነበር። ስለዚህ ያቀረብሁት ሐሳብ ይህ ብቻ ነው፤ በሰሜን የቆመው ባሕር ዛፍ ደርሷልና እርሱ ይሸጥ፤ ከተሸጠም በኋላ በቦታው የሀገር ዛፍ ይተከል፤ ምሥራቁ አይነካ። ያስፈልጋል ከተባለው ገንዘብ ይህ የሚያስገኘው ጥቂቱን ነው። የቀረውን እኛ በከተማ ያለን የደብሪቱ ልጆች ማዋጣት ይኖርብናል፤ እስካሁን ያዋጣነው ግን የሚያኰራ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የወሰኑ ነገር ተነሣ። ከጉባኤው አንዱ አሮጌውን ፎቶግራፍ አንሥተው፣ «ይኸው፤ በ1950 ዓ.ም. እስከዚህ ድረስ የዐጸዱ ቍጥቋጦ ነበር። እንግዲህ የገበሬው ማሳ የቤተ ክርስቲያን መሬት ነው፤ ማስረጃው ተገኘ» አሉ። ገበሬው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር። አንገቱን ደፋ። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም ቤተ ክርስቲያኔን እንደምወድ ያውቃሉ።

የተናገርሁት ግን እንዲህ ነው። ፎቶግራፉ በዚያ ቦታ ቍጥቋጦ እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ ቍጥቋጦው የማን እንደ ነበረ ግን አይመሰክርም። በዚያም ላይ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ የመሬቱ ሥርዐት ሁሉ ተለውጧል፤ በ1989 ዓ.ም. በክልላችን ሽግሽግ ተደርጓል፤ ይህ ሰው ማሳውን ያገኘው በዚያ ጊዜ ነው፤ በእጁም የይዞታ ደብተር አለው። በአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው ሥፍራዎች አንዱ ደብረ ማርቆስን የከበበው የጎዛምን ወረዳ ነበር። ያ የመጀመሪያው ምዝገባ በገመድና በጎረቤት ምስክር የተሠራ ነበር። በሁለተኛው ምዝገባ ግን በብዙ ወረዳዎች ኦርቶፎቶ የሚባል ሥዕል ታትሞ ወደ ማሳው ይወሰዳል፤ ባለይዞታውና ጎረቤቶቹ በወሰኑ ላይ ቆመው ሲስማሙ በሥዕሉ ላይ መስመሩ ይሰመራል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ተራ የአየር ፎቶግራፍ ተራራውን ወደ ውጭ ያዘነብለዋል፤ ከመካከሉ በራቀ ቍጥርም ቦታው ይዛባል። በፎቶግራሜትሪ ይህ መዛባት ሲታረምና እያንዳንዱ ነጥብ በእውነተኛ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ኦርቶፎቶ ይባላል። «ኦርቶ» በግሪክ ቋንቋ ቀጥ ያለ፣ የቀና ማለት ነው፤ እኛ ኦርቶዶክስ ስንባል ርቱዓነ ሃይማኖት እንደ ማለት ነውና ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቀናው ሥዕል ላይ የተጣመመ ወሰን ብናሰምር ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የእኛ ነው። ይህን ስል አንዳንዶች ፊታቸው ተለወጠብኝ። የኔታ ግን፣ «እውነት ነው፤ እኔ በልጅነቴ ጥንቸል ያሳደድሁበት ሁሉ የእኔ ከሆነ እስከ ጮቄ ድረስ የእኔ ነው» አሉና ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነገሩም በረደ። ገበሬውም ከዚያ በኋላ ሳይጠየቅ፣ ከቅጥሩ ሥር አንድ ፈር ያህል ሳያርስ እንደሚተው በገዛ አፉ ተናገረ። ቍጥቋጦ ያበቅል እንደ ሆነ ወደፊት የሚታይ ነው።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቀን ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሦስቱን ይዤ በሳተላይቱ ሥዕል ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት አነባበርን። ዐጸዱን እየዞርን ባሕር ዛፉን በቀይ፣ የሀገሩን ዛፍ በአረንጓዴ፣ መቃብሩን በጥቍር ቀለም ምልክት አደረግን። የፈረሰውንም ካብ ለካን። ልጆቹ ከእኔ ይልቅ ፈጥነው ነገሩን ተረዱ፤ አንደኛዋ ልጅ በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ እንዲሁ ለማድረግ ወሰነች።

ማታ የኔታ አሮጌውን ፎቶግራፍ እንደገና አምጣልኝ አሉኝ። «ከቅጥሩ ውጭ፣ በደቡብ በኩል፣ አንድ ትልቅ ኮሶ ነበረ፤ እርሱ ይታያል?» ብለው ጠየቁኝ። በማጉያ መነጽር ፈለግሁ። ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ አንዲት ጥቍር ነጥብ አገኘሁ፤ ዛሬ በቦታው ማሳ ነው። ጣታቸውን ይዤ በነጥቧ ላይ አኖርሁትና፣ «እዚህ ነው የኔታ» አልኋቸው። ከኮሶው ሥር ከእርሳቸው ጋር የተማሩትን የቈሎ ተማሪዎች ስም አንድ በአንድ ይጠሩ ጀመር፤ ከየት እንደ መጡም ጭምር፤ ከቢቸና የመጣው፣ ከሞጣ የመጣው፣ ኋላ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ለቅኔ የሄደው፣ በመንገድ ላይ የሞተው። ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሡም።

ሁለቱ ሥዕሎችና ልጆቹ የሠሩት ካርታ በዕቃ ቤቱ ተቀምጠዋል። ስለ ምሥራቁ ዛፍ ጉባኤው ገና አልወሰነም፤ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንዲታይ ቀጥረውታል። ለባሕር ዛፉ ግን ነጋዴ መጥቶ ግንዱን ቈጥሮ ሄዷል።